ወደ ግራ ያጋደለ ክር

«እሱማ ምን ሥራ አለው፤ ተቀምጦ ነው የሚውለው» አለች ሚስቱ።

ሾፌሩ ይህን ሲሰማ በውስጠኛው ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ባለችው በርጩማ ላይ ነበር። በጥርሱ የሰማያዊ ክር ጫፍ ነክሷል፤ ጭኑ ላይ እኩሌታው በክር የተሸፈነ የሽቦ ቀለበት አርፏል። ሚስቱ በውጭው በር ላይ ቆማ የምታወጋው ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ጋር ነው። ጎረቤቲቱ በበሯ ላይ የምትሰቅለውን የክረምት ጉንጉን ልትወስድ መጥታ፣ «እጅሽ ይባረክ፤ ይህን ሁሉ ሥራ ብቻሽን! ለመሆኑ ጋሼ አንዳንዴ እንኳ አያግዙሽም?» ብላ ጠይቃ ነበር። መልሱ ያ ሆነ። ከዚያም ሁለቱም ሳቁ። የሚስቱ ሳቅ ካፏ ሳይርቅ ተቆረጠ፤ የጎረቤቲቱ ግን እየተንከተከተ ደረጃውን ወጥቶ ሄደ።

የነከሰው ክር ከአፉ ወደቀ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ ከዚያም ቀኝ እጁን። ያ እጅ፣ ቀኝ ጎኑን ሽባ አድርጎ ከጣለው ሕመም ወዲህ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። እግሩ ከወራት በኋላ ታዘዘለት፤ ምላሱም ተፈታ፤ እጁ ግን እንደ ተቀየመ ዘመድ ሄዶ አልተመለሰም። በየማለዳው፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ፣ ሚስቱ ከአጠገቡ ተንበርክካ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትዘረጋና ቀለበቱን ታስጨብጠዋለች፤ እንዳይለቅም በረጅም ነጭ ጨርቅ እጁን ከነቀለበቱ ታስረዋለች። የቀረው የግራ እጁና የጥርሱ ድርሻ ነው። ጥርሱ ክሩን ይወጥራል፤ ግራ እጁ ይጠቀልላል፤ አንድ ጋት ያህል በተሸፈነ ቁጥር ቀለበቱን እንደ መኪና መሪ ገፋ ያደርገዋል። ለክረምት ግራጫና ሰማያዊ፣ ለመኸር የደረሰ አዝመራ የመሰለ ቢጫ፣ ለአዲስ ዓመት ብርቱካናማ፣ ለሠርግ ነጭ፣ ለሐዘን ድፍን ወይን ጠጅ ክር ይመርጣል። ከዚያ በላይ ሚስቱ በኪሮሽ የሠራቻቸውን ትንንሽ አበቦች ራሱ በማስቲሽ ይለጥፋል። የሠፈሩ በር ሁሉ ወቅት ሲለወጥ ጉንጉን የሚለውጠው ከዚህች በርጩማ በሚወጣ ሥራ ነው።

ይህን ግን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ወደዚህ ሠፈር የመጡት ከሕመሙ በኋላ ስለሆነ፣ ከባድ መኪና ይዞ ተራራ ሲያቋርጥ ያየው ሰው እዚህ የለም። የመጀመሪያውን ጉንጉን የሠራውም ሐኪሙ «እጆችህን ሥራ አታስፈታቸው» ስላለው እንጂ ለገበያ አስቦ አልነበረም። ያን ቀን በሩ ሲንኳኳ ደነገጠ፤ ቀለበቱንም ክሩንም በሚስቱ ጭን ላይ ጥሎ ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተ። የገባችው እንግዳ፣ «ውይ ሲያምር! አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አለች። ሚስቱ እሱን አየችው። እሱ ጣሪያውን አየ። «አዎ» አለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የነዚህ ሰዎች ውሸት ግን እያደር የሚከብድ ዓይነት ሆነ። እሷ «ባለጉንጉኗ» ተባለች። እሱ ደግሞ፣ ሚስቱ ሁለት ዘንቢል ተሸክማ ስትሄድ እጁን በኪሱ ከቶ ከጎኗ ስለሚራመድ፣ «ጌታው» የሚል ስም ወጣለት። ይህን ስም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ችሎታል። ስሙን ያወጡለት ባዕዳን ነበሩና። የዛሬው ቃል ግን ከቤቱ የወጣ ነው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ሲባል የኖረው፣ ለካ እንዲህ ያለውን ቀን አስበው ኖሯል ሲል አሰበ።

የጨርቁን ቋጠሮ በጥርሱ ፈትቶ ወለሉ ላይ ጣለው። ሚስቱ ተመልሳ ስትገባ ጨርቁን አየች።

«ምነው ፈታኸው?»

«ተቀምጬ ልዋላ።»

ጎንበስ ብላ ጨርቁን አነሳች፤ በጭኗም ላይ አድርጋ ደጋግማ አጠፈችው። ከዚያም ወደ መስኮቱ እያየች ስለ አዳራሹ ነገር ተናገረች። የሠፈሩ አዳራሽ ኃላፊ፣ ሴቶች ተሰብስበው ጉንጉን እንዲማሩ ከተመኘች ቆይታለች። ከአዳራሹ ጎን ባዶ ክፍል አለ፤ ሥራውን በሰው ፊት ሠርቶ ያሳየ ሰው ክፍሉን ይረከባል፤ አስተማሪ ተብሎም በደመወዝ ይቀመጣል። ሚስቱ ዛሬ ነገ ስትል ከርማለች። ኃላፊዋ ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ካልመጣች ክፍሉ ለሌላ ሥራ እንደሚሰጥ ቁርጡን ልካባታለች።

«ታዲያ ሂጂያ፤ ባለጉንጉኗ አንቺ አይደለሽ?» አላት።

«አልችልም እኮ፤ ታውቃለህ።»

«እንግዲያው እውነቱን ተናገሪ።»

«ልናገር?» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። «ልናገር ወይ ነው የምልህ?»

ሾፌሩ ዝም አለ። የሚመኘውና የሚፈራው ነገር አንድ ሆኖበት ነበር። ሥራው የእሱ መሆኑ እንዲታወቅለት ይፈልጋል፤ ሥራው ከታወቀ ግን «እስቲ አሳዩን» መባሉ፣ እጁም ከኪሱ መውጣቱ የማይቀር ነው። ተነሥቶ ክፍሏን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተመላለሰባት፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች መመላለሱ መዞር ብቻ ሆነ።

ሚስቱ ወደ ጓዳ ገብታ ስትወጣ ያንን ነጭ ጨርቅ በራሷ ቀኝ እጅ ላይ፣ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ጠቅልላዋለች።

«ውሃ አቃጠለኝ» አለች።

ምድጃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ሾፌሩ እጇንም ፊቷንም ተመለከተ። እንዲህ ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሽ አይቷት አያውቅም፤ ይልቁንም የገረመው ድምፅዋ አለመንቀጥቀጡ ነበር።

«እጄ ደህና ስላልሆነ በቃል ብቻ አስረዳቸዋለሁ፤ እነሱ ይሞክሩ። እጄ ሲድን አሳያችኋለሁ ብዬ የዛሬን አልፈዋለሁ። አንተ ከባለሱቁ ጥቂት ክር ገዝተህ እዚያው አምጣልኝ፤ የማሳያዎቹን ዘንቢል እኔ እይዛለሁ።»

«ጌታው ተላላኪም ሆነ በይኛ!» ብሎ ኮቱን በግራ እጁ ከምስማሩ አወረደ።

የክር ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም፣ እስከ ጣሪያው በክር ጥቅሎች የታጨቀ ቀጭን ክፍል ነው። ባለሱቁ ተጫዋች ሰው ነበር፤ ቀልዱን የሚወረውረው ግን ሁልጊዜ ሌላ ደንበኛ ባለበት ነው። ሾፌሩ ሲገባ ሁለት ሴቶች ስለ ክር ዋጋ መናር ይከራከሩት ነበር። ባለሱቁ ክርክሩን ለማስቀየስ ጥሩ ሰው አገኘ። «ጋሼ! ዛሬ ደግሞ እመቤቲቱ ምን ብለው ላኩዎት?» አለ። ሾፌሩ ብርቱካናማ ጠየቀ። ባለሱቁ ከቅርቡ አንሥቶ ሰጠው። ሾፌሩ ክሩን በአውራ ጣቱ ፈተግ አደረገና መለሰለት፤ ቀለሙ እንደሚለቅ፣ በር ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲያገኘው ገርጥቶ እንደሚቀር ነገረው። «ኧረ! ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ እርስዎ ክር የሚያውቁት? ይሂዱና ሚስትዎን ጠይቀው ይምጡ» አለ ባለሱቁ፤ ሴቶቹም ፈገግ አሉ። ሾፌሩ የሚፈልገውን ጥቅል በጣቱ አሳይቶ አስወረደው። ከከፈለ በኋላ ባለሱቁ በአንድ እጁ መልሱን፣ በሌላው ክር የያዘውን ከረጢት ባንድ ጊዜ ዘረጋለት። ሾፌሩ መልሱን በግራው ተቀበለ። ከረጢቱ በአየር ላይ ቀረ።

«ሌላውን እጅዎን ምን አደረጉት? አከራዩት እንዴ?»

ሴቶቹ አሁን ጮክ ብለው ሳቁ። ሾፌሩ መልሱን ኪሱ ከትቶ ከረጢቱን በዚያው በግራ እጁ ተቀበለና በብብቱ ሸጎጠው። «እኔ ነኝ፤ በበራችሁ ላይ የሰቀላችሁትን የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ከጉሮሮው ደርሶ ነበር። ሲወጣ የሱቁ ደወል ከኋላው ተንቃጨለ።

አዳራሹ የሚደረስበት ጊዜ ገና ስለነበረ ሳያስበው ረጅሙን መንገድ ያዘ። ከአናጢው ሱቅ በር አልፎ፣ የአውቶቡስ ሰልፈኞችን ሰንጥቆ፣ የጭነት መኪኖች ዕቃ የሚያራግፉበት ሰፊ ግቢ ዘንድ ደረሰና ቆመ። አንድ ወጣት ሾፌር ረጅም ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ ሊገባ ይታገላል። ረዳቱ «ቀኝ፣ ቀኝ፣ መሪውን ስበረው!» እያለ ይጮኻል። ቆሞ የሚያየው የኛው ሾፌር ትከሻው አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ በኪሱ ውስጥ ያለው እጅ ግን እንቅልፉን እንደ ተኛ ነበር። ከዚያ ፈጥኖ ሄደ። እየሄደ የሚናገረውን ማዘጋጀት ጀመረ። እገባለሁ፤ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ብድግ ብዬ፣ «እናንተ ሆይ፣ ይህች ሴት ተቀምጦ ይውላል የምትለው ሰው ነው ይህን ሁሉ የሠራው» እላለሁ። ንግግሩን ሦስት አራት ጊዜ አሳመረው። ሆኖም በየመጨረሻው ላይ አንዲት ፊቷ የማይታይ ሴት ተነሥታ «እስቲ ያሳዩን» ትለዋለች፤ ንግግሩም እዚያው ላይ ይሰበራል። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። በዚህ ሁኔታ አዳራሹ ደጃፍ ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ነበር።

አዳራሹ ከፍ ያለ ጣሪያና ቀዝቃዛ ወለል ያለው፣ የኖራ ሽታው ያልለቀቀው ቤት ነው። ወንበሮቹ ሞልተዋል። ሾፌሩ ከረጢቱን በሩ አጠገብ ለቆመችው ኃላፊ ሰጥቶ ከኋለኛው ረድፍ ዳር ተቀመጠ። ቀና ሲል ጉንጉኖቹን አየ። ሚስቱ ለማሳያ ያስቀረቻቸውን ሁሉ በግድግዳው ላይ በየወቅታቸው አሰልፋቸዋለች፤ ከክረምቱ ግራጫ ተነሥተው በአዲስ ዓመቱ ብርቱካናማ፣ በመኸሩ ቢጫ አልፈው እስከ በጋ ይደርሳሉ፤ የሠርጉና የሐዘኑም በየተራቸው በመካከል ገብተዋል። እሱ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሲጀምር የፊተኛው ከፊቱ ይነሣ ስለነበር፣ ሥራውን እንዲህ ተሰልፎ አይቶት አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ የት እንደ ዋለ የሚመሰክርለት ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ጋ ደግሞ እጇን በነጭ ጨርቅ የጠቀለለችው ሚስቱ ቆማ ትናገራለች።

የምትናገረውን ላለመስማት ወስኖ ነበር፤ ግን ሰማ። ክሩ ሲወጠር ትንፋሽ መያዝ እንዳለበት፣ ትንፋሽ ከተለቀቀ ክሩም እንደሚላላ ትናገራለች። ቀለበቱን እንደ መሪ ገፋ እያደረጉ እንጂ እየጎተቱ እንዳያዞሩት ታስጠነቅቃለች። አንዲት ወጣት፣ «እትዬ፣ መሪ ደግሞ የት ያውቃሉ?» ብላ አሳቀች፤ ሚስቱም፣ «ከሾፌር ጋር አይደል የኖርኩት!» ብላ ሳቋን ተቀላቀለች። ከዚያም፣ «ቢጫው ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ቢጫ ክር ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ደግሞ ትንሽ አስቀምጣችሁ ሌላ ነገር አውሩ» አለች። ሾፌሩ በወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። ይህን ቃል ለማንም ነግሮ አያውቅም። ብቻውን ሆኖ፣ ክር በጥርሱ እንደ ነከሰ፣ ለራሱ የሚያጉተመትመው ነገር ነበር። እሷ በዚያ ሰዓት ጓዳ ናት፤ ልብስ ታጥባለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ኪሮሿን ትሠራለች ብሎ የሚያስበው ጊዜ ሁሉ፣ ለካ ከእጁ ላይ ዓይኗን አላነሳችም ነበር። ቁጣው ቦታውን ሳተበት።

በፊተኛው ረድፍ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ መነጽሯን ከደረቷ አንሥታ አደረገችና ከመኸሩ ጉንጉን ሥር ሄዳ ቆመች። በጣቷ ክሩን ተከተለች።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የዚህ ሁሉ ክር ያጋደለው ወደ ግራ ነው። ይህ የግራኝ ሥራ ነው፤ በመርፌ ያረጀ ዓይን አይስተውም። የተቃጠለው ደግሞ ቀኝሽ ነው።» ወደ ሴቶቹ ዞር አለች። «ታዲያ ደህናዋ እጅ ምን ትጠብቃለች? ጥቂት ታሳየን እንጂ!»

«እውነት ነው!» አለች የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ከመካከል፤ «አሳዪን እንጂ፣ ምን ያኮራሻል!»

ሚስቱ ጨርቁን ያሰረችበትን እጅ አየችው። ያን ጨርቅ በየማለዳው የምታስረው በቀኝ እጅ ላይ ስለነበር፣ ለራሷም ስትጠቀልለው ሌላ እጅ መኖሩ ትዝ አላላትም። «በግራዬ... እንግዲህ...» ብላ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የሽቦ ቀለበት አነሳች። ጨርቅ በጠቀለለችው ቀኝ እጇ አጣብቃ ልትይዘው ሞከረች፤ ክሩን በግራዋ አንድ ጊዜ አዞረችው፤ ላላ። ሁለተኛ ስታዞረው ቀለበቱ አመለጣትና በጠረጴዛው ጠርዝ ወድቆ፣ በወንበሮቹ መካከል ተንከባልሎ፣ ክሩን እየተረተረ ሄዶ ወለሉ ላይ ተንጋለለ። ማንም አላነሳውም። ኃላፊዋ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ከወዲያ ወዲህ ሹክሹክታ ተነሣ።

ሾፌሩ ሚስቱን አያት። ፊቷ ደም መስሏል። ዓይኗ ከአንዷ ሴት ወደ አንዷ፣ ከጣሪያው ወደ በሩ ይሮጣል፤ ወደ ኋለኛው ረድፍ ዳር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣም። ወደዚያ እንዳይሄድባት በግድ የያዘችው ይመስል ነበር። አንዲት ቃል ትበቃት ነበር፤ ማለዳ «ልናገር ወይ?» ብላ ፈቃድ የጠየቀችበት ቃል። እሱ ዝም ብሏታልና አሁንም አትናገረውም። የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ውሸታም ብለው ቢወጡ፣ ክፍሉም ለሌላ ቢሰጥ፣ ያንን ቃል አታወጣውም። ጎረቤቲቱ በር ላይ ስትጠይቃትም ያው ነበር ያደረገችው፤ ሌላ ጥያቄ ተከትሎ እንዳይገባ «ተቀምጦ ነው የሚውለው» ብላ በሩን ዘጋችው።

ተነሣ። ለመነሣቱ ምክንያት የሚሆን ንግግር ፈለገ፤ ያ ሁሉ ያሳመረው ቃል አንዱም አልተገኘም። ሄዶ ቀለበቱን በግራ እጁ አነሳና ወደ ጠረጴዛው አለፈ። ሚስቱ ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች፤ ለእሱ ብቻ በምትታይ አነቃነቅ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ከኪሱ ለማውጣት በግራው መሳብ ነበረበት፤ የታጠፉት ጣቶች የኪሱን ገበር ይዘው ትንሽ አስቸገሩት። ከዚያ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

የፊተኛው ረድፍ ሴቶች አንገታቸውን ወደ ጠረጴዛው አሰገጉ።

«እሰሪልኝ» አላት።

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

ሚስቱ ጨርቁን ከእጇ ላይ ዙር በዙር ፈታችው። ከሥሩ የወጣው እጅ ደህና፣ ምንም ያልነካው እጅ መሆኑን ሁሉም አየ፤ እሷም አልደበቀችውም። እንደ ማለዳው ሁሉ ከአጠገቡ ተንበረከከች። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋች፤ የመጨረሻዋ ትንሿ ጣት እንደ ልማዷ እንቢ ስትል በመዳፏ ጥቂት አሸችና ዘረጋቻት። ቀለበቱን አስጨበጠችው፤ ጨርቁንም ጠቀለለችበት።

«ኧረ ጉድ!» አለች የላይኛው ፎቅ ጎረቤት፤ ድምፅዋ ከቁጣና ከመገረም መካከል ነበር። «ዛሬ ጠዋት ተቀምጦ ነው የሚውለው አላልሽኝም?»

ሚስቱ የጨርቁን ጫፍ እንደ ያዘች ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ይዟል።

«ይኸው ተቀምጧላ።»

ሾፌሩን ሳቅ አፈነው፤ ሊነክስ ያነሳው ክርም ከከንፈሩ አመለጠ። አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ክሩን አንሥታ ሰጠችው፤ ወንበሯንም ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ መነጽሯን አስተካከለች። ነከሰው፤ ወጠረው፤ ትንፋሹን ያዘ። ግራ እጁ መንገዱን አገኘ። አንድ ጋት ሲሞላ ቀለበቱን ገፋ ሊያደርገው አለና ቆመ። የታሰረውን እጁን ወደ ሚስቱ አነሣ አደረገ፤ ቋጠሮው ላልቷል ማለቱ ነበር። እሷም ቋጠሮውን በሁለት እጆቿ ያዘችና አጠበቀችው። አለቀቀችውም።

ኃላፊዋ ሁለት እርምጃ ቀረብ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ለመሆኑ አስተማሪ ብዬ የማስቀምጠው ማንኛችሁን ነው?»

የሾፌሩ አፍ ክር ነክሷል፤ የሚስቱ እጆችም ቋጠሮው ላይ ነበሩ።